ከጎደለ ሌማት የተቆረሰ

ፀሐይ ወደ ጉና ጀርባ ስታዘቀዝቅ የጋይንት ብርድ ከጨለማው ቀድሞ ይገባል። ከብቱ ወደ በረት ይነዳል፤ ከየጎጆው ክዳን ላይ ጭስ ይበተናል፤ እንጨት የለቀመውም ውሃ የቀዳውም ወደየቤቱ ያዘግማል። ሁሉም ወደ ቤቱ በሚገባበት በዚህ ሰዓት፣ በአገሩ ቤት የሌለው አንድ ልጅ ወደ መንደሩ ይወርዳል። ትከሻው ላይ ደበሎ ጣል አድርጓል። ባንድ እጁ በትር፣ በሌላው አኩፋዳ ይዟል። በትሩ ለውሻ፣ አኩፋዳው ለራት ነው። ከአንዲት ጎጆ አጥር ውጭ ይቆምና ድምፁን ያነሣል፦

«በእንተ ስማ ለማርያም! ስለ ቸሩ መድኃኔዓለም!»

ውሻው ይጮኻል። ከውስጥ የሴት ድምፅ ውሻውን ይገሥጻል። ሴትዮዋ ሌማቱን ትከፍታለች። ሌማቱ ውስጥ ያለው የዛሬ ማታ ነው፤ ለነገ የሚባል የለበትም። ልጆቿ ምድጃውን ከበው እጇን ያያሉ። እንጀራው ለስንት ሰው እንደሚዳረስ አስቀድማ አስባዋለች፤ አሁን ደግሞ የማታውቀውን አንድ ሰው ጨምራ ትቆርሳለች። ይዛ ትወጣለች።

«እንካ ልጄ።»

«እግዜር ይስጥልኝ።»

ልጁ ወደሚቀጥለው ደጅ ያልፋል።

እንዲህ ያለው ማታ በላይ ጋይንት፣ በታች ጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ መንደሮች ስንት ዘመን ሲመሽ ኖሯል። ልጁን ሁሉ ያውቀዋል፤ የቆሎ ተማሪ ነው። ለእግዚአብሔር ብሎ ቤቱን ትቶ መጥቷል። ሴትዮዋም ለእግዚአብሔር ብላ ለራሷ ከሚያስፈልጋት ላይ ቆርሳለታለች። ክርስትና ሰውን «ያለህን ሁሉ ስጥ» ሲለው ምን ማለቱ እንደሆነ ለሚጠይቅ፣ ከዚህ ደጅ የተሻለ መማሪያ አላውቅም። ይህ ጽሑፍ ከደጁ ተነሥቶ ልጁ ወደሚመለስበት ጉባኤ ቤት ይሄዳል፤ ከዚያ ደግሞ ወደ ደጁ ይመለሳል።

ክዳን የሸፈነው

ከደብረ ታቦር ወደ ምሥራቅ፣ ቻይናዎች በሠሩት የወረታ–ወልዲያ መንገድ የሄደ ሰው የጉናን ትከሻ ተሻግሮ ነፋስ መውጫ ይደርሳል። የላይ ጋይንት ዋና ከተማ ናት። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች በመሆኗ ስሟ በከንቱ አልወጣላትም። መንገዱ ወደ ጨጨሆ ይቀጥላል። ዳግማዊ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ደብረ ታቦርን ለቀው፣ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ እያስጎተቱ፣ መንገድ እየቆረጡ ወደ መቅደላ የተጓዙት በዚሁ በኩል ነበር። ከዋናው መንገድ ወደ ደቡብ ሲወርዱ ታች ጋይንት፣ ከዚያም ስማዳ ይገኛሉ። አገሩ ከደጋው ገብስና ድንች ወደ ቆላው ማሽላ፣ ከዚያም ወደ በሽሎ ገደል ይቆለቆላል። እስቴ በምዕራብ በኩል የጉናን ግርጌ ይዛ ተቀምጣለች።

ይህ አገር በካርታ ላይ ሲያዩት ራቅ ያለ ዳርቻ ይመስላል። ለቤተ ክርስቲያን ሰው ግን መካከል ነው። ድጓ የሚባለው የዓመቱ ዜማ መጽሐፍ ምስክር የሚሰጥባት ቤተልሔም ያለችው ጋይንት ነው። የዝማሬና የመዋሥዕት ምስክር የሆነችው ዙር አምባም እዚሁ ናት። በዜማ ከሚታወቁት ስልቶች አንዱ የቆማ ዜማ ስሙን ያገኘው በእስቴ ካለው ከቆማ ፋሲለደስ ነው። በጎጃም፣ በወሎ፣ በሸዋ ወይም በትግራይ ድጓ የተማረ ሰው «ዘልቄያለሁ» ቢልም፣ ቤተልሔም ሄዶ ካላስመሰከረ ትምህርቱ ማኅተም እንደጎደለው ይቆጠራል።

ቤተልሔም ራሷ ምሳሌ የሆነ አሠራር አላት። በ1955 እ.ኤ.አ. ትምህርቱን ጨርሶ ከኦክስፎርድ የመጣ ቶማስ ፓከንሃም የሚባል ወጣት በእግርና በበቅሎ ተጉዞ እዚያ ደረሰ። ከሩቅ ያየው እንደ ብዙው የገጠር ደብር ክብ የሆነ የሣር ክዳን ነበር። ወደ ውስጥ ሲዘልቅ ግን ከክዳኑ ሥር ሌላ ሕንፃ ቆሞ አገኘ። ድንጋይና እንጨት በአክሱም አሠራር የተሰባጠሩበት፣ አራት ማዕዘን የሆነ ጥንታዊ ቤተ መቅደስ ነበር። ስለዚህ ጉዞው የጻፈው መጽሐፍ በ1959 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ለውጭው ዓለም ይህ ግኝት ነበር። ለአገሩ ሰው ግን ዘወትር የሚሳለመው ደብሩ ነው። የዚህ አገር ሀብት ከላይ አይታይም። ከሣሩ ሥር ጥንታዊው ሕንፃ እንዳለ ሁሉ፣ ከደበሎው ሥርም አንድ ሙሉ መጽሐፍ በቃሉ የያዘ ልጅ አለ።

ልጁ የሰጠው

ልጁ የሰጠው ምንድን ነው? ገንዘብ አልነበረውም። መሬቱ የአባቱ ነው። ከብቱ የአባቱ ነው። የሰጠው ሌላ ሰው የማይሰጥለትን ነገር፣ ዕድሜውን ነው።

ፊደል ቆጥሮ፣ ንባብ ለይቶ፣ ዳዊት ደግሞ ይጀምራል። ይህ በሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን ሊሆን ይችላል። ዜማ ላይ ሲደርስ ግን አብዛኛውን ጊዜ አገሩን ይለቃል። አንዳንዱ ለወላጆቹ ተናግሮ ተመርቆ ይወጣል፤ አንዳንዱ ሌሊት ተነሥቶ ይጠፋል። በጉባኤ ቤቱ አጠገብ ከጓደኞቹ ጋር ትንሽ የሣር ጎጆ ይቀልሳል። ጠዋት እንጨት ይለቅማል፣ ውሃ ይቀዳል፣ ለመምህሩ ለየኔታም ይላላካል። ማታ ቁራሹን ለምኖ ይመለሳል። የተረፈውን ያደርቀዋል፤ ኮቸሮ ሆኖ ለክፉ ቀን ይቀመጣል። ሌሊት ደግሞ ያጠናል። ብራናው ላይ ዓይኑን ሳይጥል በጨለማ ያዜማል፤ ትምህርቱ የቃል ትምህርት ነውና።

ይህን ኑሮ አሳምሮ መናገር ተገቢ አይደለም። ተማሪ በብርድ ይታመማል። በተስቦና በእከክ ይሠቃያል። ውሻ ይነክሰዋል። ባዶ አኩፋዳ ይዞ የሚመለስበት ማታ አለ። እናቱ ስትሞት ሳይሰማ የሚቀር፣ ሰምቶም ለመድረስ የማይችል አለ። ሁሉን መስጠት ሲባል በመጽሐፍ ላይ አጭር ቃል ነው። በጎጆው ውስጥ ግን እያንዳንዱ ሌሊት አንድ ዋጋ ይጠይቃል።

ድጓው ሰፊ ነው። ከመስከረም ዮሐንስ ጀምሮ ዓመቱን ሙሉ በየበዓሉና በየወቅቱ የሚዜመውን ይይዛል፤ የዐቢይ ጾሙ ጾመ ድጓ ለብቻው አለ። በየቃሉ አናት ላይ የዜማው ምልክቶች ተጽፈዋል። ድፋት፣ ሂደት፣ ቅናት፣ ይዘት፣ ቁርጥ፣ ጭረት፣ ርክርክ፣ ደረት ይባላሉ። መምህራኑ እነዚህን ምልክቶች ከጌታ ሕማም ጋር አያይዘው ያስተምራሉ። ይዘት መያዙን፣ ሂደት እየጎተቱ መውሰዳቸውን፣ ጭረት የግርፋቱን ሰንበር፣ ርክርክ የደሙን ነጠብጣብ ያስታውሳል ይላሉ። እንግዲህ ልጁ ድምፁን የት እንደሚያነሣና የት እንደሚጥል ሲማር፣ ሁሉን የሰጠውን ጌታ ታሪክ አብሮ ይማራል። ራሱ የሚሰጠውን የሚለካበት ሚዛንም ይኸው ነው። ሰው ለእግዚአብሔር የሚሰጠው ሁሉ መልስ ነው፤ ቀድሞ የሰጠ አለ።

የያሬድ እግር

የዚህ ዜማ ባለቤት ቅዱስ ያሬድ ነው። በ6ኛው መቶ ዘመን በአክሱም የተወለደ፣ ትምህርት እምቢ ብሎት የኖረ ልጅ ነበር። ትል ዛፍ ላይ ለመውጣት ስትሞክር፣ ስትወድቅ፣ ደግማ ስትሞክር አይቶ ልብ አገኘ ይባላል። በጋይንት ትውፊት ዝማሬንና መዋሥዕትን ያደረሰው በዙር አምባ ነው።

ስለ ያሬድ ከሚነገረው ሁሉ ለዛሬው ነገራችን የሚቀርበው ግን የጦሩ ታሪክ ነው። ያሬድ በንጉሡ በዐፄ ገብረ መስቀል ፊት ቆሞ ሲያዜም ንጉሡ በዜማው ተመስጠው የያዙትን ጦር ሳያውቁት በእግሩ ላይ ተከሉት። ደሙ ፈሰሰ፤ ያሬድም አልተሰማውም፤ ዜማው እስኪፈጸም ድረስ ሁለቱም አላወቁም። ንጉሡ ደንግጠው «የፈለግኸውን ጠይቀኝ» አሉት። ያሬድ ወርቅም ግዛትም አልጠየቀም። ከቤተ መንግሥት እንዲለቁት፣ ወደ ሰሜን ተራሮች ሄዶ በምናኔ እንዲኖር ብቻ ለመነ።

ታሪኩን በሕፃንነታችን ስንሰማ የምንደነቀው በደሙ ነው። ዕድሜ ሲጨመር የሚያስደንቀው ጥያቄው ነው። በእግሩ ላይ ጦር የተተከለበት ሰው ካሣ ይገባው ነበር። የንጉሥ ቃል ተከፍቶለት ሳለ የጠየቀው ያለውን የሚተውበትን ፈቃድ ነው። ሁሉን መስጠት ምን እንደሆነ ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ አላገኘሁም። ሰው በሕመም ላይ እያለ እንኳ እጁን ለመቀበል ሳይሆን ለመልቀቅ ሲዘረጋ፣ የሰጠው ነገር በእውነት ከልቡ ወጥቷል።

በአገራችን ይህን ያደረገ ያሬድ ብቻ አይደለም። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ሀብታቸውን ለድሆች አከፋፍለው ቤታቸውን ክፍት ትተው እንደወጡ ገድላቸው ይናገራል። ክፍት የተተወ በር ትልቅ ምልክት ነው፤ ዘግቶ የሄደ ሰው እመለሳለሁ ማለቱ ነውና። እስከ ዛሬም በዚህ አካባቢ ዕድሜያቸው የገፋ እናቶችና አባቶች መሬታቸውንና ከብታቸውን ለልጆቻቸው አከፋፍለው ቆብ ይጭናሉ። በምንኩስና ሥርዓት የሙታን ጸሎት ይደርስባቸዋል። ሰውየው በሕይወት ሳለ ፍትሐት ተደርጎለት ለዓለም እንደ ሞተ ይቆጠራል። ከዚያ በኋላ ንብረት የሚባል ነገር የለውም፤ የሞተ ሰው ምን ይኖረዋል?

ጥርኝ ውሃ

ተማሪው በደጁ ላይ የሚለው «በእንተ ስማ» በግእዝ ስለ ስሟ ማለት ነው። ስለ ማርያም ስም ስጡኝ ይላል። ይህ ቃል በኢትዮጵያ ክርስቲያን ጆሮ ውስጥ አንድ ታሪክ ይቀሰቅሳል። የካቲት 16 ቀን፣ በኪዳነ ምሕረት በዓል፣ የሚነገረው የበላዔ ሰብእ ታሪክ ነው።

በላዔ ሰብእ ሰው በላ ነበር፤ 78 ነፍስ አጥፍቷል። አንድ ቀን በመንገድ ላይ ውሃ የጠማው ድሃ አገኘ። ድሃው በእግዚአብሔር ስም ለመነው፣ በቅዱሳን ስም ለመነው፣ አልሰማም። በማርያም ስም ሲለምነው ልቡ ተነካ፤ ጥርኝ ውሃ ሰጠው። ሲሞት ነፍሱ በሚዛን ላይ ቀረበች። ባንድ በኩል 78 ነፍስ፣ በሌላው በኩል ጥርኝ ውሃ። በእመቤታችን ምልጃ ውሃው ሚዛን ደፋ፤ ሰውየውም ምሕረት አገኘ።

ይህን ታሪክ ሰምቶ «ትንሽ ነገር ሰጥቶ ብዙ ማግኘት ይቻላል» የሚል ሰው ነገሩን ወደ ንግድ ይለውጠዋል። በአሁኑ ዘመን ከየአቅጣጫው እንዲህ ያለ ስብከት ይሰማል፦ አንድ ስጥ፣ እግዚአብሔር መቶ አድርጎ በባንክ ሒሳብህ ላይ ያስገባልሃል። በላዔ ሰብእ ግን ዋጋ አላሰበም። ምንም ርኅራኄ ያልነበረው ሰው በሕይወቱ ውስጥ የነበረችውን አንዲት የርኅራኄ ጠብታ አውጥቶ ሰጠ። ከዚያች ሌላ አልነበረውም። ሁሉን ሰጠ ማለት ነው።

በወንጌልም የሚነገረው ይኸው ነው። ጌታ በመቅደሱ በሙዳየ ምጽዋቱ ፊት ተቀምጦ ባለጠጎች ብዙ ሲጥሉ ያያል። አንዲት ድሃ መበለት መጥታ ሁለት ሳንቲም ትጥላለች። ከሁሉ የበለጠ የሰጠች እሷ ናት አለ፤ የቀሩት ከትርፋቸው ሲሰጡ እሷ መኖሪያዋን ሰጥታለችና። በዚህ ሒሳብ የስጦታ ልክ የሚታወቀው በሰጪው እጅ ውስጥ በቀረው ነው። ብዙ የቀረው ሰው ጥቂት ሰጥቷል። ምንም ያልቀረው ሁሉን ሰጥቷል።

የሰጪዎቹ አገር

ይህን ሒሳብ ይዘን ወደ ጋይንትና ስማዳ እንመለስ። ይህ አገር እህል የተረፈው አገር አይደለም። ተዳፋቱ አፈሩን ለክረምት ጎርፍ ይሰጣል፤ ማሳው እየሳሳ ድንጋዩ ይወጣል። በቆላው ዝናቡ ዘግይቶ ይመጣል፣ ቀድሞ ይሄዳል። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ከተጎዱት አካባቢዎች አንዱ ነው። መንግሥት በ1997 ዓ.ም. የሴፍቲኔት ፕሮግራሙን ሲጀምር ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ ከታቀፉት ወረዳዎች መካከል ነበሩ። ብዙው ገበሬ ከዓመቱ ውስጥ የተወሰኑ ወራትን እርከን እየሠራ፣ መንገድ እየጠረገ በሚያገኘው እህል ወይም ገንዘብ ይሻገራል። ከክረምት ወራት እስከ መኸር ያለው ጊዜ ሌማት የሚጎድልበት ነው።

ታዲያ የኢትዮጵያ የድጓ ምስክር ቤት የቆመው በዚህ አገር ላይ ነው። ይህን ረጅም ትምህርት የሚመግቡት እህል የሚጎድላቸው ሰዎች ናቸው። አዲስ አበባ ላይ በደማቅ በዓል የሚዜመው ወረብ፣ በውጭ አገር በኢትዮጵያውያን ቤተ ክርስቲያን በድምፅ ማጉያ የሚሰማው ዜማ፣ ከብዙ ዓመት በፊት በአንዲት የስማዳ ወይም የጋይንት እናት እጅ ከተቆረሰ የማሽላ እንጀራ ጋር ዝምድና አለው። ሊቁ ድጓውን በቃሉ ሲያወጣ፣ እያንዳንዷ ቃል የተገዛችው በሰው ራት ነው።

እናቲቱ ግን ድጓውን አልተማረችም። ምልክቱን አታነብም። ወንድ ልጇ እንጂ ሴት ልጇ ወደ ጉባኤ ቤቱ አልገባችም። ስሟ በየትኛውም መጽሐፍ ጠርዝ ላይ አልተጻፈም። የመምህራኑ ስም ከየኔታ ወደ የኔታ እየተቆጠረ ሲወርድ የመጋቢዎቹ ስም አብሮ አልተቆጠረም። የዜማ ታሪካችን ይህን ዕዳ እስኪያውቅ ድረስ ጎደሎ ነው ብዬ አምናለሁ። ያሬድ ዜማውን ሰጠ፤ የኔታ ዕድሜውን ሰጠ፤ ተማሪው ወጣትነቱን ሰጠ። ሁሉንም ያቆመችው ግን ምድጃዋ ላይ ተቀምጣ ስትቆርስ የኖረች ሴት ናት።

የተወሰደውና የቀረው

ቤተ ክርስቲያን ለእግዚአብሔር የተሰጠ ብዙ ሀብት ነበራት። ነገሥታት ጉልት ተከሉላት፤ መሳፍንት ወርቅና ብራና አበረከቱላት። ያ ሀብት በተደጋጋሚ ተወሰደ። በ16ኛው መቶ ዘመን በግራኝ አሕመድ ጦርነት አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፤ መጻሕፍት ጠፉ። በዳግማዊ ቴዎድሮስ ዘመን ንጉሡ የቤተ ክርስቲያንን መሬት ወደ መንግሥት ለመመለስ ተነሥተው ከካህናቱ ጋር ተጋጩ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ደግሞ የደርግ የመሬት አዋጅ የገጠርን መሬት ሁሉ የሕዝብ ሲያደርግ የደብሮቹና የገዳማቱ ጉልት አብሮ ቀረ። ይህ ቀላል ጉዳት አልነበረም። በመሬቱ ይተዳደሩ የነበሩ መምህራን ድርጎ አጡ፤ ጉባኤ ቤቶች ተዳከሙ፤ አንዳንዶቹ ተበተኑ።

ሆኖም አልጠፉም። ያልጠፉበት ምክንያት አንዱ ቁራሹ ነው። በጉልት የቆመው ሲፈርስ በአኩፋዳ የቆመው ቆየ። ከእያንዳንዱ ቤት ትንሽ ትንሽ የሚወጣን ነገር አዋጅ አይወርሰውም፤ ወታደርም አይጭነውም። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ወር የሰሜኑ ጦርነት ወደ ነፋስ መውጫ ዘልቆ ከተማዋንና አካባቢዋን ጎድቷል። ሕዝቡ የተዘረፈውን ሳይተካ ደጁን ለተማሪ ከፍቷል። በብራና የተጻፈው ሲቃጠል በሰው ልብ የተጻፈው ይተርፋል። በጎተራ የተከማቸው ሲዘረፍ ለሌላ ሰው የተቆረሰው ከሰጪው እጅ ቀድሞ ወጥቷልና ማንም አይወስደውም።

ሁሉን መስጠት ድንበር አለው?

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ጥያቄ አለ። ሴትዮዋ ለተማሪው ስትቆርስ ከልጆቿ አፍ አልወሰደችም? ልጁ ቤቱን ጥሎ ሲወጣ የደከመ አባቱን ማን ያርስለታል?

ወንጌል ይህን ጥያቄ አይሸሸውም። በጌታ ዘመን ለአባትና ለእናት የሚገባውን «ቁርባን ነው፣ ለእግዚአብሔር ሰጥቼዋለሁ» እያሉ ወላጆቻቸውን የሚነፍጉ ነበሩ። ጌታ በብርቱ ቃል ገሠጻቸው። የሰውን ድርሻ ለእግዚአብሔር ሰጠሁ ማለት ስጦታ አይደለም። በሐዋርያት ሥራ የሐናንያና የሰጲራ ታሪክ ሲነበብም ብዙ ሰው የሞቱት ከመሬታቸው ዋጋ ስላስቀሩ ይመስለዋል። ጴጥሮስ ግን መሬቱ የአንተ ነበር፣ ዋጋውም በእጅህ ነበር ይለዋል። ጥፋቱ መዋሸቱ ነው። እግዚአብሔር ማንንም አያስገድድም፤ ያልሰጠውን ሰጠሁ ያለ ሰው ግን ስጦታውን ለራሱ ክብር አድርጎታል።

የመነኮሳት አባት እንጦንስ በግብፅ የወንጌሉን ቃል በቤተ ክርስቲያን ሰምቶ የወረሰውን መሬት ሲሰጥ ወላጆቹ ሞተው ታናሽ እህቱ በእጁ ላይ ነበረች። እሷን ሜዳ ላይ ጥሏት አልሄደም። አስቀድሞ ለሚያምናቸው ደናግል አደራ ሰጣት። እህትን አደራ መስጠትም ሁሉን ከመስጠት ሥራ ውስጥ ይቆጠራል።

በጋይንትም ልማዱ ይህን ያውቃል። እናቲቱ ለተማሪው የምትቆርሰው ከልጆቿ ድርሻ አይደለም። የሚጎድለው ከራሷ ነው። ልጆቹ በልተው ሲያበቁ «እኔ ጠግቤያለሁ» የምትለው እሷ ናት። ተማሪውም ቢሆን ከአንድ ቤት ሁሉን አይጠይቅም። ከብዙ ቤት ጥቂት ጥቂት ይለቅማል፤ ሸክሙ ለመንደሩ ሁሉ ይከፋፈላል። አንድ ቤት ሲጎድልበት ሌላው ይሸፍናል። ሁሉን መስጠት በአንድ ሰው ላይ ሲጫን ሰውን ይሰብራል። በማኅበር ሲሆን ግን ሁሉም ይሰጣል፤ ሁሉም ያድራል።

ዛሬ

ዛሬ ጉባኤ ቤቶቹ ሌላ ፈተና አለባቸው። ልጆች ወደ ዘመናዊው ትምህርት ቤት ይሄዳሉ፤ መሄዳቸውም መልካም ነው። ወጣቱ ለሥራ ወደ ከተማ ይፈልሳል። የእህል ዋጋ ጨምሯል፤ ቁራሹ ሳስቷል። ማኅበረ ቅዱሳንና ሌሎች ማኅበራት ለአብነት ትምህርት ቤቶች መጠለያ ለመሥራት፣ ቀለብ ለመስፈር፣ ሕክምና ለማድረስ ይሞክራሉ። የሚያስመሰግን ሥራ ነው፤ የሚፈለገው ግን ከዚህ ይበልጣል።

እኛ በከተማና በውጭ አገር የምንኖር ሰዎች ለቤተ ክርስቲያን እንሰጣለን። ሕንፃ እናሳንጻለን፤ መጋረጃና ምንጣፍ እንገዛለን፤ ስእለት እናስገባለን። አብዛኛውን የምንሰጠው ከተረፈን ነው። ይህም አይናቅም። ነገር ግን በየዓመቱ በበዓል ቀን ዜማውን ሰምተን ልባችን ሲሞቅ፣ ያንን ዜማ ያቆየው የእኛ ትርፍ እንዳልሆነ ማወቅ ይገባናል። የኔታ የሚተኛበት ጎጆ ዝናብ እንዳያስገባ፣ ተማሪው ሲታመም መድኃኒት እንዲያገኝ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ተማሪውን የሚመግበው ገበሬ ራሱ በልቶ እንዲያድር ማገዝ የዕዳችን መጀመሪያ ነው። ሰጪዋን የሚረሳ እርዳታ ከቤተልሔም ክዳን ውጭ ቆሞ የተመለሰ እንግዳ ነው።

እግዜር ይስጥልኝ

በአማርኛ ምስጋናችን ራሱ ስብከት ነው። የተቀበለ ሰው «እግዜር ይስጥልኝ» ይላል። እኔ መክፈል አልችልም፣ ዕዳዬን እግዚአብሔር ይክፈልልኝ ማለቱ ነው። የሚሰጠው የሌለው ሰው ደግሞ «እግዜር ይስጥህ» ይላል። የሰጠውም ያልሰጠውም፣ ያገኘውም ያጣውም ነገሩን ወደ አንድ ሰጪ ይመልሱታል።

ነሐሴ ላይ፣ አዲስ እህል ሳይደርስ አሮጌው ባለቀበት ጊዜ፣ በዚህ አገር ሌማታቸው ባዶ የሆነ ቤቶች አሉ። ተማሪው ግን በዚያም ማታ ይመጣል፤ የትኛው ቤት እንደጎደለበት ከውጭ አይታወቅምና በየደጁ ይቆማል። «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። ከውስጥ ሆኖ «እግዜር ይስጥህ» ማለት ይቻላል፤ ማንም አይወቅሰውም። ዝናቡ እየዘነበ ነው፤ መሬቱ ጭቃ ነው። በዚህ ቤት ያለችው ሴት ግን ነጠላዋን ተከናንባ ትወጣለች። እጇ ባዶ ነው። ልጁ የእጇን ባዶነት አይቶ ወደ ኋላ ሊል ሲል ውሻው ይነሣበታል።

እሷ ጎንበስ ብላ ውሻውን በአንገቱ ትይዘዋለች።

«ዛሬስ የለኝም ልጄ፣ እግዜር ይስጥህ። እለፍ፣ ይዤልሃለሁ።»

ልጁ አጥሩን አልፎ፣ ጭቃውን ተሻግሮ፣ ወደሚቀጥለው ደጅ እስኪደርስ ድረስ ውሻውን እንደያዘች ዝናብ ላይ ትቆማለች።